ቁጥሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቀስቶቹን ሳዪ

የወንድሜ ልጅ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። አሥረኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ኢንጂነሪንግ አጠናለሁ ካለች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ሐሳቧም አልተለወጠም። ትምህርት ቤቷ ለሚቀጥለው ዓመት የምትወስዳቸውን ኮርሶች መርጣ እንድታስገባ ፎርም ሰጥቷታል። ፎርሙ ላይ ደግሞ ፊዚክስ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። መደበኛ ፊዚክስ፣ ኤፒ ፊዚክስ 1 እና ኤፒ ፊዚክስ ሲ። ኤፒ ማለት በአሜሪካው ሥርዓት ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ነው።

«ጓደኞቼ ሲ ካልወሰድሽ ኢንጂነሪንግ ይከብድሻል እያሉኝ ነው። ሌሎቹን ትቼ በቀጥታ ሲ ብገባስ?»

«ካልኩለስ ጀምረሻል እንዴ?»

«ገና ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ፕሪካልኩለስ ነው የምወስደው። ካልኩለስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው።»

አፌ ላይ የመጣው መልስ «ከባዱን ውሰጂ፣ አይዞሽ» የሚል ነበር። እኔም በእሷ ዕድሜ የሰማሁት ምክር ይኸው ነው። ግን አልወጣኝም። «ነገ ማታ እደውልልሻለሁ» አልኳት። ያን ሌሊት የራሴን የመጀመሪያ ዓመት እያሰብኩ ብዙ ቆየሁ።

እኔ ስትራክቸራል ኢንጂነር ነኝ። ሥራዬ ሕንፃን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙትን ነገሮች ማስላት ነው። ቋሚ፣ ቢም፣ መሠረት። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ፊዚክስ እወድ ነበር፣ ወይም የምወድ ይመስለኝ ነበር። የቀመር ደብተር ነበረኝ። እያንዳንዱ ቀመር በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ጥያቄ ሲመጣ የተሰጡትን ቁጥሮች አያለሁ፣ ከደብተሩ የሚገጥመውን ቀመር እፈልጋለሁ፣ እተካለሁ፣ መልስ ይወጣል። ውጤቴ ጥሩ ነበር። ፈጣን ነበርኩ። ፊዚክስ ማለት ትክክለኛውን ቀመር ቶሎ ማግኘት ነው ብዬ አምን ነበር።

ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያው የስታቲክስ፣ የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ላይ ያሉ ኃይሎች ትምህርት፣ ፈተና መጣ። አንደኛው ጥያቄ ላይ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ተሥሏል። ሰው አልወጣበትም። ግድግዳው ልሙጥ ነው ይላል። ቁጥር የለውም። «መሰላሉ ላይ ያሉትን ኃይሎች በሙሉ በቀስት አሳዩ» ብቻ ነው የሚለው።

ክብደቱን ወደ ታች ሣልኩ። ወለሉ ወደ ላይ የሚገፋበትን ሣልኩ። ግድግዳው ወደ ጎን የሚገፋበትን ሣልኩ። ሦስት ቀስት። እርግጠኛ ሆኜ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ከሥዕሌ ሥር አንድ መስመር ተጽፏል፦ «ይህ መሰላል ይንሸራተታል።»

እውነት ነው። ግድግዳው መሰላሉን ወደ ጎን እየገፋው ነው። በእኔ ሥዕል ውስጥ ያንን ግፊት የሚመክት ምንም የለም። በገሃዱ ዓለም የሚመክተው ከመሰላሉ እግር ሥር ያለው ሰበቃ ነው፣ ፍሪክሽን የምንለው። የሰበቃን ቀመር በቃሌ አውቀዋለሁ። ደብተሬ ውስጥ በቀይ የተከበበ ነው። ጥያቄው ግን ስሙን ጠርቶ ስላልነገረኝ መኖሩን አላየሁትም።

ያ ነው የከነከነኝ። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እያወቅኩ ነው ያላየሁት።

በነጋታው ማታ ስደውልላት ስለ ኮርሶቹ ከማውራቴ በፊት አንድ ታሪክ ነገርኳት። ሥራ ላይ አዲስ ልጅ ሲመጣ ሁሌም የምነግረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በሚገኘው ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል ሁለት የመተላለፊያ ድልድዮች ከአዳራሹ በላይ ተንጠልጥለው ነበር። አንደኛው በአራተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ፣ ሌላኛው ልክ ከሥሩ በሁለተኛ ፎቅ ከፍታ ላይ። የተንጠለጠሉት በብረት ዘንግ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ እያንዳንዱ ዘንግ ከጣሪያው ተነሥቶ የላይኛውን ድልድይ ቢም ሰንጥቆ አልፎ እስከ ታችኛው ድረስ የሚወርድ አንድ ረጅም ዘንግ ነበር። እያንዳንዱ ድልድይ ዘንጉ ላይ በጠበቀ ዳዶ ላይ ይቀመጣል።

ችግሩ ያንን ሁሉ ርዝመት ዘንግ ጥርስ አውጥቶ ዳዶውን እስከ መሃል ማዞር አስቸጋሪ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ንድፉ ተቀየረ። አንዱ ረጅም ዘንግ ሁለት አጭር ዘንግ ሆነ። አንደኛው ከጣሪያው እስከ ላይኛው ድልድይ። ሁለተኛው ከላይኛው ድልድይ ቢም ተነሥቶ እስከ ታችኛው። ወረቀት ላይ ስታዪው ለውጡ ምንም አይመስልም። ዘንጉ ያው ነው፣ ዳዶው ያው ነው፣ ድልድዮቹም ያው ናቸው።

«አሁን ዘንጉን ተዪውና ገመድ አስቢ» አልኳት። «ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለቱም ገመዱን በእጃቸው ጨብጠዋል። የላይኛው ሰው እጅ የሚሸከመው ምንድን ነው?»

«የራሱን ክብደት።»

«ታችኛውስ?»

«እሱም የራሱን።»

«አሁን ታችኛው ሰው ገመዱን ለቆ የላይኛውን ሰው እግር ያዘ።»

ዝም አለች። ቀጥላ «የላይኛው ሰው እጅ ሁለቱንም ተሸከመ» አለች። «እጥፍ።»

የሆነውም ይኸው ነው። ከላይኛው ድልድይ ሥር ያለው ዳዶ የአንድ ድልድይ ጭነት ይሸከም የነበረው የሁለት ድልድይ ጭነት ተጫነበት። በኋላ እንደተጣራው የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማዋ የግንባታ ደንብ ከሚጠይቀው በታች ነበር፤ ለውጡ ያንን ደካማ ቦታ በእጥፍ አስጨነቀው። ጁላይ 17 ቀን 1981 ምሽት ሆቴሉ ውስጥ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ዳዶው ቢሙን ቀድዶ አለፈ። የላይኛው ድልድይ በታችኛው ላይ ወደቀ፣ ሁለቱም አዳራሹ ወለል ላይ። 114 ሰዎች ሞቱ። ከ200 በላይ ቆሰሉ።

ይህን ታሪክ ስናገር እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ያንን ስሕተት ለማየት ካልኩለስ አያስፈልግም። አልጀብራ እንኳ ብዙም አያስፈልግም። መገጣጠሚያዋን ለብቻዋ ሥለሽ፣ ምን ወደ ታች ይስባታል፣ ምን ወደ ላይ ይይዛታል ብለሽ ሁለት ሦስት ቀስት ማኖር ነው። ፍሪ ቦዲ ዳያግራም ይባላል። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት ነው።

«እሺ፣ ታዲያ የትኛው ኮርስ ነው ይህንን የሚያስተምረኝ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከኮርሱ ስም ላይ አይነበብም።

ስሞቹን እንያቸው። በኤፒ ሥርዓት ውስጥ ፊዚክስ 1 እና 2 በአልጀብራ ላይ የቆሙ ናቸው። በፊት ፊዚክስ ቢ የሚባል አንድ ኮርስ ነበር፤ በአንድ ዓመት እጅግ ብዙ ርዕስ ይታጨቅበት ነበር። ከ2014 በኋላ ለሁለት ተከፈለና 1 እና 2 ሆነ። ፊዚክስ 1 በአብዛኛው ሜካኒክስ ነው፦ እንቅስቃሴ፣ ኃይል፣ ኢነርጂ፣ ሞመንተም፣ ሽክርክሪት። በቅርቡ ደግሞ የፈሳሾች ርዕስ ከ2 ወደ 1 ተዛውሯል። ፊዚክስ ሲ ራሱ ሁለት ኮርስ ነው፤ አንደኛው ሜካኒክስ፣ ሌላኛው ኤሌክትሪክና ማግኔት። ሁለቱም ካልኩለስን ይጠቀማሉ። ካልኩለስን ቀድሞ የጨረሰ ወይም ጎን ለጎን የሚማር ተማሪ እንዲወስዳቸው ነው የታሰቡት። አይቢ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት የሚማር ልጅ በመደበኛና በከፍተኛ ደረጃ መካከል ይመርጣል፤ አንዱ 150፣ ሌላው 240 የማስተማሪያ ሰዓት ነው። በእንግሊዙ ሥርዓት ኤ ሌቭል የሚማር ደግሞ ሜካኒክስን ሒሳብ ክፍል ውስጥም ያገኘዋል። እዚያ ፊዚክስን ከሒሳብ ነጥሎ ይዞ ወደ ኢንጂነሪንግ መሄድ ብዙ በር ይዘጋል።

ካልኩለስ ለምን ያስፈልጋል? የሁለተኛ ደረጃ የእንቅስቃሴ ቀመሮች የሚሠሩት አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን፣ ቋሚ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? እኔ አላስታውስም ነበር። ከታች ቀዳዳ ያለው የውኃ በርሜል አስቡ። ውኃው ሲጎድል ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ የሚወጣው ውኃ ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ አጎዳደሉም ይዘገያል። ለውጡ በራሱ ላይ ይመለሳል። በርሜሉ ስንት ሰዓት ውስጥ ባዶ ይሆናል ብትሉ አልጀብራ ብቻውን አያደርስም። ካልኩለስ ግን የተሠራው ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ኢንጂነሪንግ ውስጥ የሚገጥመን ነገር ደግሞ በብዛት እንዲህ ነው። የሚቀዘቅዝ ብረት፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ፣ ንፋስ የሚገታው ተሽከርካሪ።

ስለዚህ ካልኩለስ ያለው ፊዚክስ ለኢንጂነር ይሻላል ቢባል ልክ ነው። ካልኩለስ ሳይኖር መግባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት እንግዳ ነገር በአንድ ጊዜ ይመጣል። ልጁ ኢንተግራል የሚባለውን የካልኩለስ ስሌት ለመፍታት ሲታገል ኃይሉን የማየት ጊዜ ያጣል። ያኔ የሚያደርገው እኔ ያደረግኩትን ነው። የሚገጥም ነገር ይፈልጋል፣ ይተካል፣ ያልፋል። ይህን በቅርብ አይቻለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ገና ሒሳቡ ሳይደርስ ከባዱ ኮርስ ውስጥ ገብቶ «ፊዚክስ ለእኔ አይደለም» ብሎ ለሁለት ዓመት ኢንጂነሪንግን ትቶት ነበር። ኋላ ነው የተመለሰው። ዛሬ ጎበዝ ኢንጂነር ነው። እነዚያ ሁለት ዓመታት ያሳዝኑኛል።

በአልጀብራ የሚሠራ ፊዚክስ ደግሞ ዝቅ ያለ ፊዚክስ አይደለም። ጋሊሌዮ ኳስ በተዳፋት ላይ እየለቀቀ ሲለካ ካልኩለስ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ያገኘው ግን ዕጹብ ነው፤ በእኩል ጊዜ ውስጥ ኳሱ የሚሄደው ርቀት 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ያድጋል። ደምሯቸው። 1፣ 4፣ 9፣ 16። የጊዜው ስኩዌር ነው። በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ። የኒውተን ትልቁ ሥራ የታተመው ከዚያ 49 ዓመት በኋላ በ1687 ነው። አንድ ልጅ እነዚህን ቁጥሮች በገዛ እጁ ለክቶ ቢያገኛቸው፣ በኋላ ኢንተግራሉ ሲመጣ ከማን ጋር እየተገናኘ እንደሆነ ያውቃል።

የምለው ከራሴ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በ1992 ፎርስ ኮንሴፕት ኢንቬንተሪ የሚባል ፈተና ወጣ። ስሌት የለውም። የሚጠይቀው ነገር እንዲህ ያለ ነው፦ ትልቅ የጭነት መኪና ከትንሽ አውቶሞቢል ጋር ሲጋጭ ማን በማን ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? ብዙ ሰው የጭነት መኪናው ይላል። መልሱ እኩል ነው። ኃይል ሁሉ እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለው የሚለውን የኒውተን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የሚወጣ ተማሪም እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ይህን ዓይነት ፈተና ለተማሪዎቹ ሲሰጥ፣ አንድ ተማሪ እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ልመልስ ወይስ እኔ በማስብበት መንገድ ብሎ እንደጠየቀው ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ይህን ሳነብ መሰላሌ ነው ትዝ ያለኝ። እኔም ሁለት ፊዚክስ ነበረኝ። አንዱ ለፈተና፣ ሌላው ለዓለም። የማይተዋወቁ።

በ1998 ደግሞ የፊዚክስ መምህሩ ሪቻርድ ሄክ የ62 ኮርሶችን፣ የ6,542 ተማሪዎችን የዚህ ዓይነት ፈተና ውጤት አንድ ላይ አሰባስቦ አሳተመ። ኮርሶቹ ከሁለተኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ነበሩ። መምህሩ እየተናገረ ተማሪው እየጻፈ ብቻ በሚሄዱ ኮርሶች ተማሪዎቹ ሊያሻሽሉ ይችሉ ከነበረው ውስጥ በአማካይ 23 በመቶውን ያህል ነው ያሻሻሉት። ተማሪው እየተወያየ፣ እየገመተ፣ ወዲያው እየታረመ በሚማርባቸው ኮርሶች ግን 48 በመቶ። እጥፍ ማለት ነው።

ሌላም አለ። በ2009 የወጣ ጥናት በ55 የአሜሪካ ኮሌጆች ከ8,000 በላይ የሳይንስ ተማሪዎችን ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸው ጠየቀ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቢያንስ አንድ ትልቅ ርዕስ ላይ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ የቆዩት ኮሌጅ ውስጥ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ፊዚክስን ለወሰዱት ሁሉንም ርዕስ መዳሰሱ ጥቅም አላሳየም። ከዚያ በፊት በ2007 የወጣ ተቀራራቢ ጥናት ደግሞ ከሁሉም የኮሌጅ ሳይንሶች ጋር አብሮ የሚሄደው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መሆኑን አሳየ። ባዮሎጂም ይሁን ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ፣ ብዙ ሒሳብ የወሰደው ቀድሞ ተገኝቷል።

እነዚህን ሁለቱን አብሬ ሳያቸው ለወንድሜ ልጅ የምለው ግልጽ ሆነልኝ። ሒሳቡን አትልቀቂ። ሜካኒክስ ላይ ደግሞ ቆዪ።

ለምን ሜካኒክስ? የኢንጂነሪንግ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚቆሙት እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ስታቲክስ የማይንቀሳቀስ ነገር ሜካኒክስ ነው። ዳይናሚክስ የሚንቀሳቀሰው። የቁሳቁስ ጥንካሬ የሚባለው ኮርስ እነዚያን ቀስቶች ወደ ብረቱና ወደ ኮንክሪቱ ሆድ ውስጥ ይዞ መግባት ነው። የፈሳሾች ትምህርትም ቢሆን ከኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው የሚነሣው። ኤሌክትሪካል የሚማረው እንኳ የኢነርጂን ሐሳብ መጀመሪያ የሚያገኘው እዚህ ነው።

ኤሌክትሪክና ማግኔት ጥሩ ትምህርት ነው፣ ጊዜ ካለ ይወሰድ። ኤሌክትሪካል ለሚያስብ ልጅ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ግን ሜካኒክሱን አጣድፎ ለእሱ ቦታ ማስለቀቅ አልመክርም። የማይታይ ነገር ነው፣ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል የሚሠራበት ፊልድ በጣት አይነካም። የሚታየውን ኃይል በሥዕል ማስቀመጥ ያልለመደ እጅ የማይታየውን ማስቀመጥ ይከብደዋል።

ከዚያ ስለ ላብራቶሪ አወራን። እሷ «ላብ ጊዜ ይበላል፣ ፈተና ላይ አይመጣም» ትላለች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆጣ አልኩ። አንድ ሜትር ክርና ከባድ ነገር ውሰጂ አልኳት። ጫፉን አስሪና በትንሹ አወዛውዢው። አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንዱን ብቻ በስልክሽ ብትለኪው ጣትሽ በዘገየችበት መጠን ትሳሳቻለሽ። አሥሩን ለክተሽ ለአሥር ብታካፍዪ ያው የጣት ስሕተት ለአሥር ይካፈላል። ከዚያ የመሬትን ስበት አስይው። 9.8 አካባቢ ታገኛለሽ። 9.8 ካልመጣ ለምን እንዳልመጣ ፈልጊ። ክሩን የለካሽው እስከ ድንጋዩ አናት ነው ወይስ እስከ መካከሉ?

ይህን የሠራ ልጅ ቁጥር ሁሉ ከኋላው ጥርጣሬ እንዳለው ያውቃል። መለኪያ አሃድ የሌለው ቁጥር ቁጥር እንዳልሆነም ያውቃል። ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር በ1999 የጠፋችው አንዱ ወገን የግፊቱን መጠን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰበው ነው። የተማሪን ወረቀት ሳርም ከመልሱ ጎን አሃድ ካልተጻፈ ልቤ የሚደነግጠው ያለ ነገር አይደለም።

«ስለዚህ ፎርሙ ላይ ምን ልሙላ?» አለችኝ። ሰዓቱ መሽቷል።

መጀመሪያ መምህራኑን ሄደሽ ጠይቂ አልኳት። የኮርሱን ከባድነት አትጠይቂ። ሜካኒክስ ላይ ስንት ሳምንት እንቆያለን በይ። ፈተና ላይ መልሱ ብቻ ነው የሚታየው ወይስ ሥዕሉና ማብራሪያውም ነጥብ አለው በይ። የተሳሳትነውን መልሰን የምንሠራበት ጊዜ አለ ወይ በይ። መደበኛው ፊዚክስ እነዚህን ሁሉ አድርጎ ኤፒው ካላደረገ፣ እኔ መደበኛውን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው በዚህ እንደማይስማማ አውቃለሁ። የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ የኮርሱ ስም ክብደት አለው፣ አልክድም። ግን ማመልከቻው አንድ ጊዜ ነው የሚነበበው። መሰላሉ ግን በየቀኑ ይመጣል።

ትምህርት ቤቱ አንድ ፊዚክስ ብቻ ያለው ልጅስ? በር አልተዘጋበትም። የኢንጂነሪንግ ኮሌጆች ሜካኒክስን በአብዛኛው ከመጀመሪያው ጀምረው ነው የሚያስተምሩት። ያለውን አንዱን ኮርስ በደንብ ይያዝ፣ ሒሳቡን ይግፋ። በሌላ በኩል በሲ ጥሩ ውጤት አምጥቶ የኮሌጁን የመጀመሪያ ፊዚክስ መዝለል የሚፈቀድለት ልጅ አለ። ለእሱም የምለው ቀስ በል ነው። ያለፈ ፈተና አውጥተህ ብቻህን ሞክረው። ሳትጨነቅ ከሠራኸው ዝለል። ካልሆነ ደግመህ መማር ጊዜ ማባከን አይደለም።

የወንድሜ ልጅ ሁለቱን መምህራን አነጋግራ መጣች። የፊዚክስ 1 መምህር ፈተና ላይ ሥዕልና ማብራሪያ ካልተጻፈ ነጥብ እንደማይሰጡ ነግረዋታል። «ትንሽ ያስፈራሉ» አለች። እኔ ግን ሳላውቃቸው ወደድኳቸው። በአሥራ አንደኛ ፊዚክስ 1ን ከፕሪካልኩለስ ጋር ልትወስድ ወሰነች። በአሥራ ሁለተኛ ሲ ሜካኒክስን ከካልኩለስ ጋር። አንድ ሜካኒክስን ሁለት ጊዜ ልማር ነው ብላ ተጨንቃ ነበር። አዎ አልኳት። ሁለት ጊዜ።

ፎርሙን ካስገባች በኋላ የመሰላሉን ጥያቄ ላክሁላት። የሚማሩት ገና ቢሆንም ትሞክረው ብዬ ነው። ሆን ብዬ ግን ግድግዳው ልሙጥ ነው፣ ማለትም ሰበቃ የለውም፣ የሚለውን ቃል አወጣሁት። ቁጥሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቀስቶቹን ሳዪ አልኳት።

ሦስት ቀን ምንም አልመለሰችም። በአራተኛው ቀን የደብተሯን ፎቶ ላከች። ክብደቱ አለ። ወለሉ ወደ ላይ የሚገፋው አለ። የግድግዳው ግፊት አለ። ከእግሩ ሥር ሰበቃው አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚያመለክት አንዲት ትንሽ ቀስት አለች፣ ተሥላ፣ ተሰርዛ፣ እንደገና ተሥላ። ከጎኗ ጥያቄ ምልክት።

ከሥሩ በእጇ ጽፋለች፦ «አክስቴ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ለመዞር ሦስት እኩልታ ነው ያገኘሁት። የማላውቃቸው ኃይሎች ግን አራት ሆኑብኝ። ግድግዳው ልሙጥ ነው ወይስ ሻካራ?»